ትንሿ ብር ከወርቅ በላይ፦ የዳንስ ውድድር ቃላት ከየት መጡ?

በአሜሪካ የልጆች ዳንስ ውድድር ላይ «ወርቅ» ማግኘት አንደኛ መውጣት ማለት አይደለም። በአብዛኞቹ ውድድሮች ከወርቅ በላይ «ሃይ ጎልድ»፣ ከእሱ በላይ «ፕላቲነም»፣ አንዳንዴም ከፕላቲነም በላይ «ዳይመንድ» አለ። ልጁን ለመጀመሪያ ጊዜ ይዞ የመጣ ወላጅ ከመድረክ «ወርቅ» ሲባል ተነሥቶ ያጨበጭባል። ቀጥለው የሚጠሩት ቡድኖች ሁሉ ከወርቅ በላይ ሲያገኙ ደግሞ ልጁ የተበደለ ይመስለዋል። ደስታውም ቅሬታውም የመጡት ቃሉን በለመደው ፍቺ ከመረዳት ነው።

በዋሽንግተን ዲሲ ዙሪያ፣ በሲልቨር ስፕሪንግም ሆነ በአሌክሳንድሪያ፣ ከትምህርት ቤት መልስ ወደ ዳንስ ስቱዲዮ የሚሄዱ የእኛም ልጆች አሉ። ወላጆቻቸውን ሩቲን፣ ሊሪካል፣ ክሪቲክ፣ ኦቨራል የሚሉ ቃላት ይጠብቋቸዋል። እነዚህ ቃላት ከግሪክ የቴአትር ሜዳ፣ ከፈረንሳይ ቤተ መንግሥትና ከጥቁር አሜሪካውያን የጭፈራ አደባባይ ተሰባስበው የመጡ ናቸው። ሥራቸው ሲመረመር ስለ ማሸነፍ የሚናገሩት ጥቂት ሆነው ይገኛሉ። አብዛኞቹ የሚናገሩት ስለ መደጋገም፣ ስለ መለየትና አብሮ ስለ መፈለግ ነው። ለአዲስ የዳንስ ወላጅ ከዚህ የተሻለ መመሪያ የለም ብዬ አምናለሁ።

ደረጃና ተራ

በመጀመሪያ የአሠራሩ ነገር። ብዙውን ጊዜ ሦስት ዳኞች ይቀመጣሉ፤ እያንዳንዳቸው ከ100 ይሰጡና ድምሩ ከ300 ይያዛል። ድምሩ የሚያርፍበት እርከን ስም አለው፤ ወርቅ፣ ሃይ ጎልድ፣ ፕላቲነም የሚባሉት እነዚህ ናቸው። እዚህ ላይ ልጅ የምትመዘነው በተቀመጠው መስፈርት እንጂ በሌሎች ልጆች አይደለም። አሥር ቡድኖች ቢቀርቡ አሥሩም ፕላቲነም ሊያገኙ ይችላሉ። «ኦቨራል» የሚባለው ግን ሌላ ነው። በዕድሜና በችሎታ ከተከፈሉት ምድቦች በየአንዳንዱ ከፍተኛ ነጥብ ያገኙት አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ እየተባሉ በተራ ይጠራሉ። ደረጃውና ተራው በአንድ ሥነ ሥርዓት ላይ ስለሚነገሩ አዲስ ወላጅ ያደባልቃቸዋል።

አሁን ወደ ቃሉ። በስፔንኛ ብር «ፕላታ» ይባላል። «ፕላቲና» የዚያ ማሳነሻ ነው፤ ትንሿ ብር ማለት ነው። በዛሬዋ ኮሎምቢያ፣ በቾኮ ምድር፣ ስፔናውያን በባርነት የያዟቸውን አፍሪካውያን ወርቅ ሲያሳጥቡ ከወርቁ ጋር አብሮ የሚወጣ ብርማ ፍሬ ያስቸግራቸው ነበር። ወርቅ በ1,064 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይቀልጣል፤ ይህ ፍሬ ግን 1,768 ዲግሪ ስለሚፈልግ የዚያ ዘመን ምድጃ አልበገረውም። ከባድ በመሆኑ አጭበርባሪዎች ከወርቅ ጋር እንዳይቀላቅሉት ተፈርቶ ወደ ወንዝ ይጣል ነበር። አንቶኒዮ ደ ኡሎአ የተባለው ስፔናዊ በ1748 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ባሳተመው የጉዞ መጽሐፍ ስለ ማዕድኑ ጻፈ፤ የአውሮፓ ሊቃውንትም ከዚያ ወዲህ በቁም ነገር መረመሩት።

ፕላቲነም በሽልማት መሰላል ከወርቅ በላይ የተቀመጠው በቅርብ ዘመን ነው። የአሜሪካ የሙዚቃ ቀረጻ ኢንዱስትሪ ማኅበር በ1958 የወርቅ ሽልማት መስጠት ጀመረ፤ በ1976 ደግሞ 1 ሚሊዮን ቅጂ ለተሸጠ አልበም ፕላቲነምን ከወርቅ በላይ አቆመ። የወንዝ ዳር ጥራጊ የነበረው ብረት የዝና ጫፍ ሆነ። መሰላሉ ሰው የሠራው ነው፤ ሰውም ሲፈልግ ከላይ ሌላ እርከን ይጨምርበታል። ስለዚህ ከእያንዳንዱ ውድድር በፊት ወላጅ ሊያነበው የሚገባው የመጀመሪያ ወረቀት የዚያ አዘጋጅ የነጥብ ሠንጠረዥ ነው። በአንዱ ዘንድ ከላይ ያለው ስም በሌላው ዘንድ መካከለኛ ሊሆን ይችላል።

«ዳይመንድ» ደግሞ ለእኛ ባዕድ አይደለም። በግሪክ «አዳማስ» የማይበገር ማለት ነው። ቃሉ በዐረብኛ «አልማስ» ሆነ፤ ወደ እኛም «አልማዝ» ሆኖ ገባ። አልማዝ የተባለች አያት የልጅ ልጇ «ዳይመንድ» አገኘች ሲባል የሰማችው የገዛ ስሟን ነው።

ዳኛው የሚናገረው

የእንግሊዝኛው «ጀጅ» አባቱ የላቲኑ «ዩዴክስ» ነው። «ዩስ» ሕግ ነው፣ «ዲኬሬ» መናገር፤ ሲጣመሩ ሕግን የሚናገር ማለት ይሆናሉ። በእኛ በኩል ግዕዝ ፍርድን «ደይን» ይላል፤ የፍርድ ቀንም ዕለተ ደይን ነው። ዕብራይስጥም ዳኛን «ዳያን» ይለዋል፤ የእነዚህና የእኛው «ዳኛ» ሥር አንድ ነው።

በዳንስ ውድድር ግን ዳኛ ከፍርድ ሌላ የሚሰጠው ነገር አለ፤ ከነጥቡ የሚበልጠውም እሱ ነው። ልጅቷ መድረክ ላይ ሳለች ዳኛው ወደ መቅጃ ይናገራል፦ ጉልበቷ እስከ መጨረሻው እንዳልተዘረጋ፣ ስትዞር ዓይኗ የት ማረፍ እንዳለበት፣ የትኛው እንቅስቃሴ ከሙዚቃው እንደቀደመ። ይህ ቀረጻ «ክሪቲክ» ይባላል፤ ለአስተማሪዋም ይላካል። ቃሉ የተወለደው «ክሪኔይን» ከሚለው የግሪክ ግሥ ሲሆን ትርጉሙ መለየት፣ ማጣራት ነው። በጥንቷ አቴና የቴአትርና የመዘምራን ውድድር ዳኞች «ክሪታይ» ይባሉ ነበር፤ የሚለዩ ማለት ነው።

የእኛ «ሂስ» የመጣው ከሌላ አቅጣጫ ነው። በግዕዝ «ሔሰ» ነቀፈ ማለት ነው። በአብዮቱ ዘመን «ሂስና ግለ ሂስ» በየስብሰባው ሲነገር የኖረ ትውልድ ቃሉን ሲሰማ ልቡ የሚደነግጠው ያለ ምክንያት አይደለም። የዳኛውን ቀረጻ እንደ ነቀፋ የሚሰማ ወላጅ ለልጁ ጠበቃ ሊቆም ይነሣል። እንደ ማጣራት የሚሰማው ግን የሠመረውንና ያልሠመረውን በየወገኑ ለይቶ ለልጁ ያሳየዋል። ከሽልማቱ ሁሉ በሚቀጥለው ሳምንት ወደ ስቱዲዮ ተመልሶ ሥራ ላይ የሚውለው ይህ ቀረጻ ብቻ ነው።

አብሮ መፈለግ

«ኮምፒቲሽን» ከላቲኑ «ኮምፔቴሬ» የመጣ ነው። «ኮም» አብሮ፣ «ፔቴሬ» መፈለግና ወደ አንድ ነገር ማምራት ነው። በጥንታዊው ላቲን ቃሉ መገናኘት፣ መግጠም፣ መስማማት ማለት ነበር፤ አንዱን ነገር ለማግኘት መሻማት የሚለው ፍቺ ከኋላ የመጣ ነው።

አማርኛም እዚህ ላይ ጥንቁቅ ነው። «ውድድር» ከ«ወደር» ጋር ቤተሰብ ነው። ወደር እኩያ፣ አቻ ነው፤ ወደር የለሽ የምንለውም አቻ ያልተገኘለትን ነው። «ማወዳደር» ጎን ለጎን አስቀምጦ ማስተያየት ነው። ስለዚህ ውድድር በሥሩ አቻን የማግኘት ነገር ነው። «ፉክክር» የሚለው ቃል ደግሞ ከ«ፎከረ» ይወጣል፤ ጀግና ጠላቱን አስቦ የሚፎክረው ፉከራ ነው። አንድ ልጅ በስቱዲዮው ካሉት ልጆች ሁሉ ቀድሞ ሊሆን ይችላል። በውድድር ቀን ግን በእሱ ዕድሜ ከእሱ የበለጠ የሚዘል ልጅ ያያል፤ አቻውን ያገኛል፤ የሚደርስበትንም ያውቃል። ውድድር ለልጅ የሚሰጠው ትልቁ ነገር ይህ ነው። ፉክክሩ ብዙ ጊዜ የሚጀመረው በአዳራሹ ወንበሮች ላይ፣ በትልልቆቹ መካከል ነው።

የታረሰ መሬት

ልምምድን እንግሊዝኛ «ሪኸርሳል» ይለዋል፤ ቃሉ የገበሬ ነው። በጥንታዊ ፈረንሳይኛ «ኸርስ» ማለት በታረሰ መሬት ላይ እየተጎተተ ጓል የሚከሰክስ ባለ ጥርስ የእርሻ መሣሪያ ነበር። «ሬሄርሲዬ» ማለት በዚያ መሣሪያ መሬቱን እንደገና መመላለስ ነው። ከዚያ የተነገረን ደግሞ መናገር፣ በመጨረሻም ለመድረክ መዘጋጀት ሆነ። ጤፍ ለመዝራት መሬቱን ደጋግሞ የሚያርስ ሕዝብ ይህን ቃል ለመረዳት አይቸገርም፤ ማሳው ካልለሰለሰ ደቃቋ ጤፍ አትበቅልም።

የእኛ «ልምምድ» ከ«ለመደ» ነው፤ ልማድ፣ ለማዳ፣ ልምድ ሁሉ የእሱ ልጆች ናቸው። በዕብራይስጥ ያው ሥር «ላማድ» ሲሆን ተማረ ማለት ነው። ተማሪን «ታልሚድ» የሚሉት፣ «ታልሙድ» የተባለው የአይሁድ የትምህርት መጽሐፍም የተሰየመው ከዚሁ ነው። በአንዱ ቋንቋ መልመድ የሆነው በሌላው መማር ሆኗል።

መድረክ ላይ የሚቀርበው አንድ ሥራ «ሩቲን» ይባላል፤ ብዙ ጊዜ 3 ደቂቃ ገደማ ነው። ሥሩ የፈረንሳይኛው «ሩት» ነው፣ መንገድ፤ እሱም ከላቲኑ «ሩፕታ» የወጣ ሲሆን ጥሻ ተሰብሮ የተከፈተ መንገድ ነው። ሩቲን እንግዲህ ደጋግመው ሲሄዱበት የተለመደ ጎዳና ነው። ለእነዚያ 3 ደቂቃዎች ወራት የሚፈጅ ልምምድ ለምን እንደሚያስፈልግ ሁለቱ ቃላት አስቀድመው ተናግረዋል።

ዘውጎቹና ስሞቻቸው

በውድድሩ ፕሮግራም ላይ ከእያንዳንዱ ሩቲን አጠገብ የዘውግ ስም ይጻፋል። «ባሌት» ከጣልያንኛው «ባሎ»፣ ጭፈራ፣ ማሳነሻ ከሆነው «ባሌቶ» የመጣ ነው፤ ከዚያ በስተጀርባ «ባላሬ» የሚለው የላቲን ግሥ አለ። የባሌት ስያሜዎች በየአገሩ በፈረንሳይኛ የቀሩት ንጉሥ ሉዊ 14ኛ በ1661 የንጉሣዊ ዳንስ አካዳሚን በፓሪስ ስላቋቋመ ነው። የንጉሡ የዳንስ መምህር ፒየር ቦሻም አምስቱን የእግር አቋቋሞች እንደደነገገ ይነገርለታል። «ፕሊዬ» የታጠፈ፣ «ረሌቬ» ከፍ የተደረገ፣ «ጄቴ» የተወረወረ ማለት ነው። ልጆች የሚለብሱት «ሊዮታርድ» የሰው ስም ነው። ዡል ሌዮታር የተባለ ፈረንሳዊ በ1859 በፓሪስ ሰርከስ በአየር ላይ ከመወዛወዣ ወደ መወዛወዣ እየዘለለ ሕዝቡን ያስደነቀው ሰውነት ላይ የሚጣበቅ ልብስ ለብሶ ነበር።

«ሊሪካል» የሚባለው፣ ስሜትን በለስላሳ እንቅስቃሴ የሚገልጸው ዘውግ፣ ስሙን ያገኘው «ሊራ» ከተባለው የግሪኮች የክር መሣሪያ ነው። ክራርና በገና የዚሁ የመሣሪያ ቤተሰብ አባላት ናቸው። በክራር ታጅቦ የሚዘፈን ዘፈን የሰማ ኢትዮጵያዊ ወላጅ ሊሪካል ምን እንደሚፈልግ ለማወቅ ሩቅ መሄድ የለበትም። «አክሮ» የአክሮባት ቁራጭ ነው፤ በግሪክ «አክሮስ» ጫፍ፣ «ባይኔይን» መራመድ ሲሆን በእግር ጣት ጫፍ የሚሄድ ማለት ነው። «ጃዝ» በ1912 በካሊፎርኒያ የቤዝቦል ቃል ሆኖ በጋዜጣ ታየ፤ ጉልበትን፣ ሕያውነትን ያመለክት ነበር። በ1915 በቺካጎ የሙዚቃ ስም ሆነ፤ ከብዙ ዓመታት በኋላ ሙላቱ አስታጥቄ «ኢትዮ ጃዝ» ብሎ የእኛም አደረገው። «ብሬኪንግ» ደግሞ ከ«ብሬክ» ነው፤ ድምፃዊው ዝም ብሎ ከበሮው ብቻውን የሚቀርበት የዘፈን ክፍል ነው። በ1973 በኒው ዮርክ ብሮንክስ ዲጄ ኩል ኸርክ ያን ክፍል እያራዘመ ወጣቶቹን አስጨፈረ፤ በ2024 ያ ጭፈራ በፓሪስ ኦሊምፒክ ሜዳሊያ ተሰጠበት።

የእኛም ቋንቋ በዚህ ታሪክ ውስጥ ድርሻ አለው። በግዕዝ «ዘፈነ» ማለት ጨፈረ ማለት ነበር። የሄሮድያዳ ልጅ በንጉሡ ግብዣ ያደረገችው ነገር በመጽሐፍ ቅዱሳችን በዚህ ግሥ የተነገረው ለዚህ ነው። በዐረብኛም «ዘፈነ» መጨፈር ነው፤ በኢድ ቀን በመዲና መስጊድ ስለጨፈሩት ሐበሾች የሚናገረው ሐዲስ የተጠቀመው ይህንኑ ግሥ ነው። በዛሬው አማርኛ ቃሉ ከእግር ወደ አፍ ተሻግሮ የዜማ ስም ሆነ። ጭፈራውንና ዜማውን ነጣጥለን ስለማናውቅ ቃሉ በሁለቱ መካከል መጓዙ አይገርምም።

ኬኩና ዋንጫው

የአሜሪካ የዳንስ ውድድር አንድ ጥንታዊ ሥር በደቡብ የባርነት እርሻዎች ላይ ይገኛል። ጥንድ ጥንድ ሆነው ጌቶቻቸው በአዳራሽ ሲጨፍሩ ያዩትን አካሄድ እያጋነኑ የሚያሳዩ ጥቁር አሜሪካውያን ይወዳደሩ ነበር፤ ለምርጦቹ ጥንዶች የሚሰጠው ሽልማት ኬክ ነበር። ጭፈራው ከዚያ «ኬክዎክ» ተባለ። በ1898 ዊል ማሪየን ኩክና ገጣሚው ፖል ሎረንስ ደንባር በዚሁ ጭፈራ ላይ የተመሠረተ የሙዚቃ ቴአትር በኒው ዮርክ አቀረቡ። ዛሬ በእንግሊዝኛ «ኬክዎክ» ያለ ድካም የሚሸነፍ ነገር ማለት ሆኗል። ለጨፈሩት ግን ቀላል አልነበረም፤ ብዙ ጥበብና ብዙ ድፍረት ይፈልግ ነበር። በጫማ ወለሉን እየመቱ የሚጨፍሩት ታፕ የተባለው ዘውግም ቢሆን በ1840ዎቹ «ማስተር ጁባ» የተባለው ጥቁር አሜሪካዊ ዊሊያም ሄንሪ ሌን ከሌሎች ጨፋሪዎች ጋር ፊት ለፊት ካደረጋቸው ግጥሚያዎች ጋር የተሳሰረ ነው። የሂፕ ሆፕና የታፕ ሩቲን ይዞ የሚወጣ የሐበሻ ልጅ የሚወርሰው ይህን ታሪክ ነውና ወላጁ ሊነግረው ይገባል።

የሽልማት ስሞቹም የየራሳቸውን ዘመን ይዘው ይመጣሉ። «ትሮፊ» ከግሪኩ «ትሮፔ»፣ መዞር፣ የወጣ ነው፤ ጠላት ፊቱን አዙሮ በሸሸበት ቦታ የሚተከል የድል ምልክት ነበር። የእኛ «ዋንጫ» ከቀንድ የሚሠራ የጠጅ መጠጫ ነው፤ ቃሉ የጦር ሜዳውን ሳይሆን የግብዣውን ቤት ያስታውሳል። «ሸለመ» ማለትም ከመሸለም አስቀድሞ ማስጌጥ፣ ማስዋብ ነው። ልጅ ዋንጫ ይዛ ወደ ቤት ስትመጣ ዘመድ ተሰብስቦ ቡና ቢፈላ፣ «ዋንጫ» ወደ ሥሩ ተመለሰ ማለት ነው።

ከፋዩ

የመጨረሻው ቃል «ኮሪዮግራፊ» ነው። «ኮሬያ» በግሪክ ጭፈራ፣ «ግራፌይን» መጻፍ ነው። ራውል ኦዤ ፈዬ በ1700 በፓሪስ በዚህ ስም መጽሐፍ ሲያሳትም ቃሉ ቃል በቃል የጭፈራ ጽሕፈት ማለት ነበር፤ እርምጃዎችን በምልክት ወረቀት ላይ የማስፈር ዘዴ ነበር። ዛሬ ዳንሱን የማቀናበር ጥበብ ስም ሆኗል።

ከዚሁ ቤተሰብ «ኮሮስ» ይገኛል፤ እየጨፈረ የሚዘምር ቡድን። በጥንቷ አቴና በዲዮኒሶስ በዓል አሥሩ ነገዶች እያንዳንዳቸው አንድ የ50 ወንዶችና አንድ የ50 ልጆች ቡድን እያቀረቡ ይወዳደሩ ነበር። ለእያንዳንዱ ቡድን አንድ ባለጸጋ ዜጋ ይመደብ ነበር፤ አሠልጣኙን ይቀጥራል፣ አልባሳቱን ያሰፋል፣ በልምምዱ ወራት ወጪውን ይሸፍናል። ይህ ሰው «ኮሬጎስ» ይባል ነበር። የስቱዲዮ ክፍያ፣ የኮስቲዩም ዋጋ፣ በየልጁና በየዳንሱ የሚቆጠር የመግቢያ ክፍያ፣ የሆቴልና የመንገድ ወጪ የሚከፍል የዛሬ ወላጅ ስሙ ይኸው ነው።

ከኮሬጎሶቹ አንዱ ሊሲክራቴስ ነበር። የልጆቹ ቡድን ሲያሸንፍ ሽልማቱን የሚያስቀምጥበት ሐውልት አሠራ፤ ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ335 እስከ 334 ባለው ዓመት የተሠራው ይህ ሐውልት እስከ ዛሬ በአቴና ፕላካ ሰፈር ቆሟል። በላዩ የተቀረጸው ጽሑፍ የሊሲክራቴስን ስም፣ የነገዱን ስም፣ የዋሽንቱን ተጫዋች፣ አሠልጣኙንና የዓመቱን ሹም ይዘረዝራል። የጨፈሩት ልጆች ስም የለም። ከፋዩ ሁለት ሺህ ዓመት ተሻገረ፤ እነሱ የአንዱም ስም አልቀረላቸውም።

ማንም ወላጅ ይህን ስሕተት አስቦ አይሠራውም። ሆኖም ውጤቱ ሲነገር የራሱን ገንዘብ፣ የራሱን ድካም፣ የራሱን ክብር የሚያስብ ወላጅ የልጁን ስም ከሐውልቱ እየፋቀ ነው። ልጅ ከመድረክ ስትወርድ መጀመሪያ የምትጠየቀው ስንት ነጥብ አገኘሽ ተብሎ መሆን የለበትም፤ የትኛው ቦታ ላይ ደስ አለሽ፣ የትኛውን ከዳኛው ተማርሽ ተብሎ ይሁን። የመክፈል ድርሻ የወላጅ ነው፤ ዳንሱ ግን ከመጀመሪያው እርምጃ እስከ መጨረሻው የእሷ ነው።